«የዌቨርሊ ደራሲ» እና ጠያቂ አንባቢዎቹ

ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ልብ ወለድን እንደ ምስክር አድርጎ ቢጠራ መምህሩ ፊቱን ያጠቍርበታል። ያለ ምክንያትም አይደለም፤ ልብ ወለድ ጸሐፊ ያላየውን እንዳየ፣ ያልተነገረውን እንደ ተነገረ አድርጎ ይጽፋልና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልብ ወለዱን ራሱን ለምስክርነት አላቀርበውም። የማቀርበው ከልብ ወለዱ በስተጀርባ የነበረውን ግንኙነት ነው፤ ይኸውም እስኮትላንዳዊው ሰር ዋልተር ስኮትና አንባቢዎቹ እርስ በርሳቸው የተጠያየቁትን፣ የተሰጣጡትንና አንዳንዴም የተቀያየሙበትን ነገር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ወደዚህ ነገር የመራኝ አንድ የልጅነት ቅያሜ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ «አይቫንሆ» የሚባለውን መጽሐፉን ለተማሪ በአጭሩ ተዘጋጅቶ አነበብነው። ጀግናው አይቫንሆ ቍስሉን ያስታመመችለትን አይሁዳዊት ርብቃን ትቶ ሮዌናን ሲያገባ ክፍሉ በሙሉ ተንጫጫ። መምህራችን «ደራሲው ሞቷል፤ ማንን ትጠይቃላችሁ?» ብለው ነገሩን ዘጉት። ኋላ ሙሉውን እትም ሳገኝ ግን ጥያቄያችን ከእኛ በፊት የተጠየቀ፣ ደራሲውም በሕይወቱ ሳለ የመለሰው ሆኖ አገኘሁት። ወደ መልሱ ከታች እመጣለሁ።

ስኮት በ1771 በኤዲንበርግ ተወለደ። በሕፃንነቱ በያዘው በሽታ ቀኝ እግሩ ስለ ሰለለ እስኪሞት ድረስ አነከሰ። ሕግ ተምሮ በ1799 የሴልከርክ አውራጃ ዳኛ ሆኖ ተሾመ፤ በዚያውም ወራት ከድንበሩ አገር ባላገሮች የቆዩ ዘፈኖችንና ተረቶችን መሰብሰብ ልማዱ ነበር። መጀመሪያ ስም ያገኘው በግጥም ነው። በ1810 «የሐይቋ እመቤት» የተባለው ግጥሙ ሲታተም በዚያው ዓመት 20,000 ያህል መጻሕፍት ተሸጡ፤ ሕዝቡም በግጥሙ የተነሣውን የካትሪን ሐይቅ ለማየት እየጐረፈ ስለ ሄደ ከኪራይ ፈረሶች የሚሰበሰበው ቀረጥ ሳይቀር ከፍ አለ ይባላል። አንባቢ መጽሐፉን ዘግቶ ቦታውን ለማየት መነሣቱን ልብ ይሏል። ማንበብ ብቻ አልበቃውም።

በሐምሌ 1814 «ዌቨርሊ» የሚባል ልብ ወለድ ደራሲው ሳይገለጽ ታትሞ ወጣ። ታሪኩ በ1745 ልዑል ቻርልስ ኤድዋርድ ስቱዋርት ስላስነሣው ዐመፅ ነው፤ ዐመፁን በዓይናቸው ያዩ ጥቂት ሽማግሌዎች ገና በሕይወት ነበሩ። በመጀመሪያ የታተሙት 1,000 መጻሕፍት ወዲያው አለቁና በዚያው ዓመት ደጋግሞ ታተመ። ከዚያ በኋላ በተከታታይ የወጡት ልብ ወለዶች «በዌቨርሊ ደራሲ» ከሚል በቀር ስም አልነበራቸውም። ይህ ስውርነት 12 ዓመት ተኩል ያህል ቆየ።

ምስጢሩ እንዴት እንደ ተጠበቀ ስኮት ራሱ ኋላ ጽፎታል። የእጅ ጽሑፉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት በሌላ ሰው እጅ ይገለበጣል። የማረሚያው ወረቀት በሁለት ቅጂ ታትሞ አንዱ ለደራሲው ይላካል፤ እርሱ ያረመውን የማተሚያ ቤቱ ጌታ ጀምስ ባለንታይን በገዛ እጁ ወደ ሁለተኛው ቅጂ ያዛውራል። ፊደል ለቃሚዎቹም የደራሲውን ጽሕፈት ሳያዩ ሥራው ያልቃል። ምክንያቱን ሲጠየቅ ግን የሰጠው መልስ ቀላል ነው፤ እንዲህ ማድረግ ደስ ስላለኝ ነው ከማለት የተሻለ ምክንያት አልነበረውም። ለእኔ ይህ ሙሉ መልስ አይመስለኝም። የከፍተኛው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ለነበረ ሰው ልብ ወለድ መጻፍ በዚያን ጊዜ ክብር የሚጨምር ሥራ አልነበረም።

አንባቢው ግን ዝም አላለም። ጄን ኦስተን በመስከረም 1814 በጻፈችው ደብዳቤ፣ በቅኔ ስም ያለው ዋልተር ስኮት የልብ ወለድ ጸሐፊዎችን እንጀራ መሻማቱ ደግ አይደለም ስትል ቀልዳለች፤ መጽሐፉ ከወጣ ገና ሦስት ወር አልሞላውም ነበር። ሌሎች ደግሞ በካናዳ ይኖር የነበረው ወንድሙ ቶማስ ነው አሉ። ከሁሉ የሚደነቀው ግን በ1821 ጆን ለስተር አዶልፈስ የተባለ ከኦክስፎርድ የወጣ ወጣት ያሳተመው ነው። ይህ ሰው ለሪቻርድ ሄበር በተጻፉ ደብዳቤዎች መልክ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አዘጋጅቶ፣ ስሙ የታወቀውን ባለቅኔና ስሙ የተሰወረውን ልብ ወለድ ጸሐፊ ጐን ለጐን አቆማቸው። ሁለቱም ሕግ ዐዋቂዎች ናቸው፤ ሁለቱም የጥንት ዕቃና የጥንት ወግ ይወዳሉ፤ ስለ ውሻና ስለ አደን ሲጽፉ ከልብ ነው፤ ንግግርን የሚያቀናብሩበትም መንገድ አንድ ነው፤ ስለዚህ ሰውዬው አንድ ነው ሲል ደመደመ። ወሬ አላመጣም፤ የማተሚያ ቤቱን ሠራተኛም በጉቦ አላናገረም። እኛ ያለ ፊርማ የተገኘ ሰነድ የማን እንደ ሆነ ለመለየት የምንማረውን ዘዴ፣ እርሱ ለመጽሐፍ ፍቅር ሲል ብቻ ሠራበት።

ስኮትም አልተቈጣም። በሚቀጥለው ዓመት በወጣው «የናይጀል ዕድል» መቅድም ላይ፣ ማንነቱን ሳያምን፣ የአዶልፈስን ብልሃት አመሰገነ። ከዚያም በሄበር በኩል ጋበዘውና ወጣቱ በ1823 አቦትስፎርድ ወደሚባለው ቤቱ ሄዶ ተቀመጠ። በማዕዱ ዙሪያ የተቀመጡት ሁለቱም ምስጢሩን ያውቃሉ፤ ሁለቱም አያነሡትም። እንዲህ ያለ ጨዋነት ዛሬ የሚገኝ አይመስለኝም።

ከአዶልፈስ ይልቅ ለእኛ ቁም ነገር የሚሆነው ግን ጆሴፍ ትሬን ነው። ትሬን በጋሎዌይ አገር የቀረጥ ተቈጣጣሪ ነበር። ከድኻ ቤት ተወልዶ በራሱ ጥረት የተማረ ሲሆን፣ ለሥራው ከመንደር ወደ መንደር ሲዞር የሽማግሌዎችን ወግ ይሰበስባል። ከአንድ ወዳጁ ጋራ ሆኖ የጋሎዌይን ታሪክ ለመጻፍ ዐቅዶ ነበር። በ1814 ያሳተመውን የግጥም መጽሐፍ ስኮት አይቶ ስለ አገሩ ወግ ሲጽፍለት፣ ትሬን ዕቅዱን ተወና የሰበሰበውን ሁሉ ለስኮት ማስተላለፍ ጀመረ። በ1816 ኤዲንበርግ በሄደ ጊዜ በስኮት ቤት የክላቨርሀውስን ሥዕል አየ፤ በ17ኛው መቶ ዓመት «የቃል ኪዳን ሰዎች» የሚባሉትን ፕሮቴስታንቶች ያሳደደው መኰንን ነው። ትሬንም ስለዚያ ዘመን ለመጻፍ ታሪኩን ሮበርት ፓተርሰን በሚባል ሽማግሌ አፍ ማስነገር እንደሚቻል አመለከተ። ፓተርሰን ቤቱንና ሚስቱን ትቶ የሰማዕታቱን የመቃብር ድንጋይ እየዞረ ሲጠርብና ሲያድስ የኖረ፣ በ1801 የሞተ ሰው ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ «ኦልድ ሞርታሊቲ» የተባለው መጽሐፍ የወጣው ከዚህ ንግግር ነው።

እንግዲህ ትሬን ተጐዳ ወይስ ተጠቀመ? በዕረፍት ወራት ወደየአገራችን ሄደን ከሽማግሌዎች ቃል የምንጽፍ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ በቀላሉ ልናልፈው አይገባንም። ትሬን ያሰበው የጋሎዌይ ታሪክ ሳይጻፍ ቀረ። የሰበሰበው ግን ከራሱ መጽሐፍ ይልቅ እጅግ ብዙ ሰው አነበበው፤ ስኮትም በኋላ በመቅድሞቹ በስሙ እየጠራ አመስግኖታል። እኔ እንደሚመስለኝ ትሬን የሰጠው ወዶ ነው፤ በዚህ ማንንም አልከስም። የሚቈጨኝ ሌላ ነገር ነው። ወጉ በልብ ወለድ ውስጥ ከገባ በኋላ የትኛው ቃል የሽማግሌው፣ የትኛው የስኮት እንደ ሆነ መለየት አስቸጋሪ ሆኗል።

ይህም ችግር ወዲያው ጠብ አስነሣ። የቃል ኪዳን ሰዎችን እምነት የወረሱ ብዙ አንባቢዎች «ኦልድ ሞርታሊቲ»ን ሲያነቡ አባቶቻችን እንደ ዕብድና እንደ ጨካኝ ተሣሉ ብለው ተቀየሙ። የጆን ኖክስን ሕይወት የጻፈው ቄስ ቶማስ መክሪ በ1817 በአንድ የሃይማኖት መጽሔት ረዥም ትችት አወጣ፤ ክርክሩም የጸሎተኛ ለቅሶ ሳይሆን የታሪክ ሰው ክርክር ነው፤ ሰነድን በሰነድ ይመልሳል። በዚያው ወራት «ኳርተርሊ ሪቪው» በሚባለው መጽሔት ስም የሌለው ሐተታ ወጣ፤ መጽሐፉን ይመረምራል፣ የታሪኩንም እውነተኛነት ይደግፋል። የጻፈው አብዛኛውን ስኮት ራሱ ነበር፤ ወዳጁ ዊልያም ኧርስኪን ረድቶታል።

ስኮትን የሚወዱ ሰዎች ይህን እንደ ቀልድ ያልፉታል። እኔ ግን ማለፍ አልቻልሁም። ማን ነህ ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ ስምን መሰወር አንድ ነገር ነው። እውነት ነውን ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ ሌላ ሰው መስሎ «አዎን፣ እውነት ነው» ማለት ግን የተለየ ነገር ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ነው፤ ሁለተኛው ዳኛው ለራሱ ጉዳይ እንደ መመስከር ይቈጠራል። ስኮት ዳኛ ስለ ነበረ ይህን ሳያውቀው አይቀርም።

በሌላ በኩል ደግሞ የአንባቢ ፍቅር ራሱ ሸክም የሚሆንበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ የደብዳቤን ዋጋ የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። አንዲት የኒውዮርክ ወጣት «የቸሮኪ ፍቅረኞች» የተባለ ቲያትር ጽፋ፣ አንብቦ እንዲያስተካክልላትና አሳታሚ እንዲፈልግላት ላከችለት፤ ለፖስታው 5 ፓውንድ ያህል ከፈለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ጥቅል መጣና እንደዚሁ ከፍሎ ቢከፍተው ያው ቲያትር ነው! የባሕሩ ነገር ስለማይታመን የመጀመሪያው ቢጠፋ ብላ ሁለተኛ ቅጂ መላኳ ነበር።

በጥር 1826 አሳታሚው ኮንስታብልና ማተሚያ ቤቱ ሲከስሩ፣ የባለንታይን ስውር ሸሪክ የነበረው ስኮት ከ120,000 ፓውንድ በላይ ዕዳ ወደቀበት። ዕዳውን በብዕሬ እከፍላለሁ አለ። የሒሳቡ መዝገብ በባለዕዳዎቹ ፊት ስለ ተከፈተ ምስጢሩ ከእንግዲህ ሊጠበቅ አልቻለም፤ የካቲት 23 ቀን 1827 በኤዲንበርግ ለቲያትር ሰዎች መረዳጃ በተደረገ ግብር ላይ ሎርድ ሚዶውባንክ ስሙን ጠርቶ ሲያመሰግነው፣ ስኮት ተነሥቶ የእነዚያ መጻሕፍት ብቸኛ ደራሲ መሆኑን በሰው ሁሉ ፊት አመነ። ከዚያ በፊት ነገሩን የሚያውቁት ሃያ ያህል ሰዎች ነበሩ።

ከመገለጡ የተገኘው ትልቅ ፍሬ ከሰኔ 1829 ጀምሮ አሳታሚው ካዴል በየወሩ አንድ አንድ እያደረገ ያወጣው የ48 ጥራዝ እትም ነው። የእያንዳንዱ ዋጋ 5 ሺሊንግ ስለ ነበረ ትንሽ ደመወዝ ያለውም ሊገዛው ቻለ። ስኮት ለየመጽሐፉ አዲስ መቅድምና ማስታወሻ ጻፈ፤ ይህን ከማን ሰማሁ፣ ያን ከየት አገኘሁ፣ ይህን እኔ ጨመርሁ እያለ አንባቢው በ15 ዓመት ውስጥ የጠየቀውን ሁሉ መለሰ። የእኛም የክፍል ጥያቄ የተመለሰው እዚህ ላይ ነው። ስለ ርብቃ ብዙ ሴቶች አንባቢዎች ወቅሰውት ኖሯል። እርሱም የዚያ ዘመን ጭፍን ጥላቻ እንዲህ ያለውን ጋብቻ የማይሆን ነገር ያደርገው ነበር አለ፤ ደግሞም ታላቅ ምግባር ያላትን ሴት በዚህ ዓለም ደስታ መካስ ምግባሯን ማሳነስ ይሆናል ሲል አከለበት። መልሱ ሁሉንም አላጠገበም፤ ታከሬ በ1850 ሁለቱን የሚያጋባ ተከታይ ታሪክ እስከ ማውጣት ደርሷል። ደግሞም ስኮት ታሪክን እንዲህ አጥብቆ ይይዝ ነበር እንዳንል፣ በዚያው መጽሐፍ ሞቶ የነበረውን አቴልስታንን ከሬሳ ሣጥን ያስነሣው አታሚው ባለንታይን ስላለቀሰበት መሆኑን ራሱ በማስታወሻ ተናግሯል።

ከእነዚህ መቅድሞች ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው «የሚድሎዲያን ልብ» የተባለው በ1818 የወጣው መጽሐፍ መቅድም ነው። በውስጡ ያለችው ጂኒ ዲንስ፣ በሐሰት ከመመስከር እኅቷ እንድትሞት መፍረድን የመረጠች፣ ነገር ግን ምሕረት ለመለመን በእግሯ ለንደን የሄደች ናት። ይህን ታሪክ ለስኮት የላከችለት ስሟን ያልጻፈች አንዲት ሴት ነበረች። በበጋ ቤቷ አጠገብ ዶሮ የምታረባና ካልሲ የምትሠራ አንዲት አሮጊት ታውቅ ኖሯል፤ ሄለን ዎከር መሆኗንና ያደረገችውንም ሰማች። በመቃብሯ ላይ ትንሽ ሐውልት ለማቆም አስቤ ነበር፤ አሁን ግን መታሰቢያዋን ከዚያ ይልቅ በሚጸና ነገር እንድታቆምላት ለአንተ ትቼዋለሁ ብላ ጻፈችለት።

ለአሥራ ሁለት ዓመት አንባቢ ሁሉ ደራሲው ማን ይሆን ሲል፣ ደራሲውም በበኩሉ ይህች አንባቢ ማን ትሆን ይል ነበር። በ1827 እንኳ ራሱን በገለጠበት መቅድም ያመሰገናት ያልታወቀች ሴት ብሎ ነው። በኋላ ከልጇ እንደ ተረዳው የክሬግሚዊ ባላባት የቶማስ ጐልዲ ሚስት ሄለን ጐልዲ ነበረች፤ እርሷም አርፋ ነበር። ስኮት በ1831፣ ራሱ ታሞ ከመሞቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በአይረንግሬይ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ለሄለን ዎከር የመቃብር ድንጋይ አቆመ፤ ጽሑፉንም ራሱ ጻፈው።