ሞክሼዎቹ ተክለ ሃይማኖቶች

የዚህ መጽሐፍ አዘጋጆች «ከሕክምና ወጣ ያለ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ ወዲያው ትዝ ያለኝ የክፍላችን ስም ጥሪ ነው። ግቢያችን ገና የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ በሚባልበት ጊዜ በእኛ ባች ሦስት ሞክሼዎች ነበሩ። መምህሩ አንዱን ሲጠራ ሦስቱም «አቤት» ይላሉ፤ ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። መላ ፈጠርንላቸው፦ አንዱ «ረጅሙ»፣ ሌላው «ጎጃሜው»፣ ሦስተኛው ደግሞ ቃል ስለማይወጣው «ዝምታው» ተባለ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ የባች ልጆች ታውቃላችሁ።

ሞክሼነት ቀልድ መሆኑ የቀረልኝ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው። በአንድ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ሆኜ በስማቸውም በአባታቸውም ስም አንድ የሆኑ ሁለት እናቶች ጎን ለጎን ተኝተው ነበር። ለአንዷ የመጣውን ደም ይዤ ስሟን ብጠራ «አቤት» ያለችኝ ሌላዋ ናት። እኔም ወደ እሷ ሄድኩ። ያተረፈችን አብራኝ የነበረችው ሲስተር ናት፦ «ዶክተር፣ የአያትስ ስም? የካርድ ቁጥሩስ?» የሁለቱ የደም ዓይነት የተለያየ ነበር። ከዚያ ሌሊት ወዲህ የሲስተሯን ጥያቄ ታሪክ ሳነብም እጠይቀዋለሁ።

በታሪካችን ከሞክሼዎች ሁሉ ሰው የሚያምታቱት ተክለ ሃይማኖቶች ይመስሉኛል። ስሙ «የሃይማኖት ተክል» ማለት ነው። ጻድቅም፣ ነገሥታትም፣ ፓትርያርክም ተጠርተውበታል። አምስቱን በየካርዳቸው ላቅርብላችሁ።

የመጀመሪያው የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመኑ ጻድቅ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ገድላቸው እንደሚለው ሸዋ ውስጥ ከጸጋ ዘአብና ከእግዚእ ኃረያ ተወለዱ፤ የልጅነት ስማቸው ፍሥሐ ጽዮን ነበር። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘንድ ከቆዩ በኋላ ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የምንለውን ገዳም መሠረቱ። ከመቆም ብዛት አንድ እግራቸው ተቆረጠ ይላል ገድሉ፤ በሥዕል በስድስት ክንፍ የምናያቸውም እርሳቸውን ነው። ወር በገባ በ24 የሚታሰቡት እኚህ ናቸው። ስሙ በሀገሩ ሁሉ የተዘራው በእርሳቸው ክብር ነው።

ሁለተኛው የእኛው የጎንደር ሰው ነው። አባቱ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠሩት ታላቁ አፄ ኢያሱ ናቸው። ኢያሱ በሐዘን ምክንያት ወደ ጣና ደሴት ገለል ሲሉ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት በ1698 ዓ.ም. ነገሠ። በ1699 ዓ.ም. አባትየው ተገደሉ። ሰይፉን ያነሡት የእናቱ የመለኮታዊት ወንድሞች ቢሆኑም ደሙ ከልጁ ራስ አልወረደም። እሱም በ1700 ዓ.ም. የአባቱ ባለሟሎች በነበሩ ሰዎች ተወግቶ ሞተ። ታሪክ ጸሐፊዎች «እርጉም ተክለ ሃይማኖት» ይሉታል። የጻድቁን ስም ይዞ «እርጉም» መባልን አስቡት! ከእሱ በኋላ ዙፋኑን የያዙት አጎቱ አፄ ቴዎፍሎስ ናቸው፤ የወንድማቸውን ደም ተበቀሉ፤ መለኮታዊትንም በሞት ቀጡ።

ሦስተኛው ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ነው፤ በ15 ዓመቱ ራስ ሚካኤል ስሑል ዙፋን ላይ ያስቀመጡት ልጅ። አባቱ አፄ ዮሐንስ ዳግማዊ በራስ ሚካኤል እጅ ነው የጠፉት። እንግዲህ ልብ በሉ፦ የመጀመሪያው ንጉሥ በአባቱ ደም የሚጠየቅ፣ ሁለተኛው ንጉሥ አባቱን በገደለው ሰው ቁጥጥር ሥር ያለ ብላቴና። ሁለቱን አንድ ማድረግ ተበዳዩን በበዳይ ቦታ ማቆም ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር መጥቶ ያየው ይህን ወጣት ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ልጁ የነገሠው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1769 ነው፤ ከዙፋን የወረደው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር በ1769 ዓ.ም. ነው። አንዱ ጽሑፍ «በ1769 ነገሠ»፣ ሌላው «በ1769 ወረደ» ቢሉ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ በመካከላቸው ግን ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ንግሥና አለ። የዘመን አቆጣጠሩ ያልተነገረ ዓመት፣ ሚሊግራም ይሁን ግራም ያልተጻፈበት የመድኃኒት ትእዛዝ ማለት ነው።

አራተኛው የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። የቀድሞ ስማቸው ራስ አዳል ተሰማ ነው፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው ሲያነግሧቸው ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። በዓመቱ እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ተሸነፉ፤ ቆስለውም ተማረኩ። በ1880 ዓ.ም. ሳር ውሃ ላይ ድርቡሾችን ገጥመው ድል ሆኑ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። በ1888 ዓ.ም. ግን ማርከዋቸው ከነበሩት ከምኒልክ ጎን ዓድዋ ላይ ተሰልፈው ነበር። ከአራቱ የአንዱን ካርድ ብቻ አሟልቼ ላንብብ ብባል የእኚህን እመርጣለሁ። በሁለት ሽንፈት ብቻ የሚያውቃቸው ሰው ሦስተኛውን ገጽ አልገለጠም።

አምስተኛው በእኛ ወላጆች ዘመን የነበሩት ሦስተኛው ፓትርያርክ ናቸው። አባ መላኩ ወልደ ሚካኤል ይባሉ ነበር፤ በወላይታ ብዙ ዘመን ያገለገሉ መናኝ። በ1968 ዓ.ም. ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፤ በዚያው ዓመት አባ መላኩ ተመርጠው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን፣ ፓትርያርኩ በሕይወት ሳሉ ሌላ መሾም ሥርዓት አይደለም ብላ አልተቀበለችውም። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። አዲሱ ፓትርያርክ ግን ደርግ እንደጠበቀው ዓይነት ሰው አልሆኑም፤ በባዶ እግራቸው እየሄዱ፣ በጾም ሰውነታቸው ከስቶ፣ በ1980 ዓ.ም. ዐረፉ። ስለ ሹመታቸው መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ስለ ኑሯቸውም ዝም ማለት አይገባም። ሁለቱም በአንድ ካርድ ላይ የተጻፉ ናቸው።

አንድ ነገር አስተውላችኋል? በ1700 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ተክለ ሃይማኖትን ቴዎፍሎስ ተካ። በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቴዎፍሎስን ተክለ ሃይማኖት ተካ። ስሞቹ ያው፣ ሰዎቹ ፈጽሞ ሌሎች። የመጀመሪያው ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ተወልዶ «እርጉም» ተባለ፤ የመጨረሻው ከምናኔ ተጠርተው መንበር ላይ ተቀመጡ። በስም ብቻ የሚያስታውስ ሰው የአንዱን ኃጢአት ለሌላው፣ የአንዱን ጽድቅ ለሌላው ያድላል።

«የአባት ስም ከተጨመረማ ችግር የለም» የሚል ካለ ካሣ ኃይሉን ይጠይቅ። አፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ካሣ ኃይሉ ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ጦር ግንባር የዘመቱት ልዑል ራስም ካሣ ኃይሉ ናቸው። እሺ፣ አያት እንጨምር፤ ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ዳርጌ። ራስ ዳርጌ ግን የእናታቸው አባት ናቸው እንጂ የአባታቸው አይደሉም! ለዚህ ነው ሲስተሯ በአያት ስም ሳታቆም ካርድ ቁጥር የጠየቀችው። በታሪክ የካርድ ቁጥር ማለት ዘመኑ፣ ቦታውና የእናት ወገን ነው።

ይህን ሁሉ ያጻፈኝ ባለፈው ዓመት የደረሰብን ነው። አንድ ሌሊት በባቻችን ቴሌግራም ላይ መርዶ መጣ፤ ስም ብቻ፣ ያለ አባት። ሁላችንም «ረጅሙ» መስሎን አለቀስን፤ ጨዋታው፣ ቀልዱ፣ ፎቶው በአንድ ሰዓት ውስጥ ግሩፑን ሞላው። ጠዋት ረጅሙ ራሱ ደወለ፦ «ኧረ እኔ አለሁ!» እልል አልን። የሞተው ዝምታው መሆኑ የተነገረን በዚያው እልልታ መካከል ነው። ከዚያ በኋላ ግሩፑ ላይ ጥቂት «ነፍስ ይማር» ተጻፈ፤ በቃ። እንባችንን ለሌላው ጨርሰን፣ የእሱን መርዶ በደስታ ሰማነው። እኔም አንዷ ነበርኩ።

አዘጋጆቹን አንድ ነገር ለምኛቸዋለሁ፤ እሺም ብለውኛል። በዚህ መጽሐፍ የመታሰቢያ ገጽ ላይ የዝምታው ስም እስከ አያቱ፣ ከእናቱ ስም፣ ከትውልድ ቀዬውና ከተመረቀበት ዓመት ጋር ይታተማል። ገልጣችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። እሱን ብቻ የሚጠራ ነው።