ዘግይታ የተገኘች ድምፃዊት
እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ለድምፃዊው ለሊ ፊልድስ የሸክላ ቅጂ ሦስት ሴት ተቀባዮች ተፈልገው ሳለ፣ የመጣችው ሻሮን ጆንስ ብቻ ነበረች፤ የሦስቱንም ድርሻ እርስዋው ዘፈነችው። ዕድሜዋ አርባ ዓመት ገደማ ነበር። ቀደም ሲል ሸክላ አሳታሚዎች መልኳንና ቁመናዋን ነቅፈው መልሰዋት፣ በራይከርስ ደሴት ወህኒ ቤት በጠባቂነት ሠርታለች፤ ድምፅ በዐይን ሲመዘን እንዲህ ነው።

የቅጂው አዘጋጅ ጋብርኤል ሮትና ባልደረቦቹ የ1960ዎቹን የሶል ሙዚቃ በጥንቱ የቴፕ መቅረጫ መልሰው ለማስነሣት ይደክሙ ነበር። እነርሱ ከሸክላ የተማሩት ቃና ለእርስዋ፣ ለኦገስታ ተወላጅና ለቤተ ክርስቲያን ዘማሪ፣ የገዛ ቋንቋዋ ነበር።

የመጀመሪያ አልበሟ በ2002 ወጣ። በ2006 አጃቢዎቿ ዳፕ ኪንግስ በኤሚ ዋይንሃውስ «ባክ ቱ ብላክ» ላይ ተጫወቱ፤ ብዙው ሕዝብ ያንን ቃና የሰማው ከሌላይቱ አፍ ነው። ጆንስ በ2013 ካንሰር ቢገኝባትም፣ እስካረፈችበት እስከ 2016 ዘፍናለች።