ከሐርቡ እስከ ደሴ፦ የመኪና ማሞቂያ ታሪክ

ከሐርቡ መስኮቱን ከፍቶ የሚነሣ መኪና ኮምቦልቻን አልፎ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲጨርስ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ተሳፋሪውም ጋቢውን ተከናንቦ ደሴ ይገባል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል። ክረምት ሲሆንና ጉም ሲወርድ ደግሞ የተሳፋሪው ትንፋሽ በፊት መስተዋቱ ላይ ረግቶ ገደሉን ከነጂው ዓይን ይሰውራል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ ማሞቂያ የምቾት ዕቃ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

በ1928 ዓ.ም. ደሴ የገባው የኢጣሊያ ጦር፣ ጣርማ በርን በዋሻ በስቶ መንገዱን ሲያበጅ፣ ያን ዳገት የወጡት እንደ ትሬንታ ኳትሮ ያሉ የፊያት ጭነት መኪናዎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ማሞቂያ በጭነት መኪና ዘንድ የተለመደ አልነበረም። አሜሪካዊው የናሽ ፋብሪካ የውጭውን አየር በሞተሩ ሙቅ ውኃ አሙቆ ወደ ውስጥ የሚያስገባ መሣሪያ ለገበያ ያቀረበው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው። ኢጣሊያኖቹ ካንዴላን፣ ፍሪሲዮንንና ቸርኬን ለጋራዦቻችን ትተው ሲሄዱ ማሞቂያ ግን በአማርኛ ስሙ ቀረ፤ ምናልባት ዕቃው ራሱ ዘግይቶ ስለመጣ ይሆናል።

ቮልስ ውኃ የላትም፤ አየሩ የሚሞቀው በጭስ ማውጫው ዙሪያ በማለፍ ነው። ቆርቆሮው ዝጎ ከተበሳ መርዘኛው ጭስ ወደ ውስጥ ይገባልና፣ ብርዱን መታገሥ ይሻላል።

ላዳ ሌላ ናት። ሥሯ በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣችው ፊያት 124 ስትሆን፣ ከ1970 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት የተሠራችው ለሩሲያ ክረምት እንድትስማማ ሆና ነው። ስለዚህ የላዳ ማሞቂያ ሲደክም ተፈጥሮዋ ሳይሆን ሕመሟ ነው። ሕመሙም ብዙ ጊዜ የሰው እጅ ሥራ ነው። በደሴ ከፍታ ክፍት ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ዳገቱን የፈራ ሜካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥላል። እርግጥ ነው፣ ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ መድኃኒቱ ግን ስሕተት ነው። ቴርሞስታቱ ውኃው ወደ 80 ዲግሪ እስኪደርስ ራዲያተሩን ይዘጋል፤ ከሌለ ሞተሩ በብርድ ጧት ሳይሞቅ ይውላል፣ ማሞቂያውም ለብ ያለ አየር ብቻ ይነፋል። ከዚህም በላይ የላዳ ቴርሞስታት ሞተሩ ሲግል አቋራጩን ቱቦ የሚዘጋ ሁለተኛ ክዳን አለው። እርሱ ሲወጣ የውኃው ከፊል ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳልና፣ የተፈራው መፍላት ሐረጎ ላይ ይባስ ይቀርባል።

ሁለተኛው ጥፋት የምንጭ ውኃ ነው። በራዲያተሩ ዓመት ከዓመት የሚጨመረው ውኃ ኖራውን በማሞቂያው ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ያስቀራል፤ ቧንቧውም ተጣብቆ አልከፈት ይላል። ወደ ማሞቂያው የሚገባውና የሚወጣው ጎማ በእጅ ሲዳሰስ ምርመራው ያልቃል፦ ሁለቱም ከጋሉ ጉድለቱ በነፋሹ ወይም በአየሩ መዝጊያ ነው፤ አንዱ ግሎ ሌላው ከቀዘቀዘ ቱቦው ወይም ቧንቧው ተደፍኗል፤ ሁለቱም ለብ ካሉ ቴርሞስታቱ ወይም የውኃው ማነስ ነው።

ውኃው ሲለወጥም አየር ታምቆ እንዳይቀር የማሞቂያው ቧንቧ ተከፍቶ፣ የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ላይ ቀና ብሎ ይሞላል። ደሴ ላይ ለዚህ የሚሆን ዳገት አይጠፋም።