ፈንጂ አነፍናፊ ውሾች በኢትዮጵያ

ፈንጂ አነፍናፊ ውሻ የተቀበረ ፈንጂን በማሽተት እንዲለይ የሠለጠነ ውሻ ነው። በኢትዮጵያ በይበልጥ የሚነሣው እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 ከተካሄደው የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት ማግሥት፣ በ2001 ከተቋቋመው የፈንጂ አምካኝ ጽሕፈት ቤት ጋር ተያይዞ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ከአምካኞቹና ከማሽኖቹ ጎን ለጎን ውሾችንም አሰማርቷል።

የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ለተራ ሚስማር ይጮኻል፤ ብረቱ ጥቂት የሆነውን የፕላስቲክ ፈንጂ ግን ሊያልፈው ይችላል። ውሻው የሚያነፈንፈው ብረቱን ሳይሆን ፈንጂው ውስጥ ያለውን የሚፈነዳ ቅመም ነው። ሽታው ሲደርሰው አይጮኽም፣ አይቆፍርም፤ ጸጥ ብሎ ቁጭ ይላል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ አይሠራም። የቀረው የአምካኙ ድርሻ ነው። አንዱን ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ውሾች በየተራ ይፈትሹታል። ደመወዛቸው? ብዙውን ጊዜ አንዲት ኳስ።

ከፈንጂ አነፍናፊዎቹ ሌላ በታሪክ የሚነሡ ዝነኛ ውሾችም አሉ። በልብ ወለዱ ዓለም ከቀደምቶቹ ታማኝ ውሾች አንዱ የጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ የሆሜር አርጎስ ነው፤ ጌታውን ከ20 ዓመት በኋላ አይቶ ለይቶታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከአሜሪካ ጦር ጋር ፈረንሳይ የዘመተው ውሻ ስተቢ ደግሞ በቆዳው የተሠራው ምስሉ ዛሬም በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል።

በአገራችን ዝናው የሉሉ ነው፤ ያልዘመተው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቺዋዋ ውሻ። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ካፑሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ሉሉ የጻፈው ከታሪክ ይልቅ ለልብ ወለድ ይቀርባል። የመቃብሩ ድንጋይ ግን እውን ነው፤ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ይገኛል።