የይለፍ ቃላትን በጅምላ ማደስ

የይለፍ ቃላትን በጅምላ ማደስ ማለት የኔትወርክ አስተዳዳሪ የብዙ ተጠቃሚዎችን የይለፍ ቃል በስክሪፕት አማካይነት በአንድ ጊዜ በአዲስ የሚተካበት ሥራ ነው። ተጠቃሚው አሮጌውን ቃል አስገብቶ ራሱ ከሚያደርገው ለውጥ ይለያል፤ አስተዳዳሪው አሮጌውን ቃል ማወቅ አያስፈልገውም። ሥራው የሚመጣው ቃላቱ ሾልከው ሲወጡ፣ አዳዲስ ተማሪዎች ሲመዘገቡ ወይም መሥሪያ ቤት ሰርቨር ሲቀይር ነው።

ታሪክ

በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራበት በነበረው ሲቲኤስኤስ በተባለ ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የይለፍ ቃሎች ፋይልና የዕለቱ ማስታወቂያ ፋይል ተለዋውጠው የገባው ሰው ሁሉ የሌላውን ቃል አነበበ። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ቶም ቫን ቭሌክ የተባለው ፕሮግራመር ያላሰበው ሥራ መጥቶበት የሰዎቹን ቃላት ሲቀይር ሰዓታት ፈጀበት። ዛሬ ይኸው ሥራ በስክሪፕት የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

አሠራር

በማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይሬክተሪ በሚተዳደር ኔትወርክ የተለመደው መሣሪያ ፓወርሼል ነው። ስክሪፕቱ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር ከሲኤስቪ ፋይል ያነባል፣ ለእያንዳንዱ የዘፈቀደ ቃል ያወጣል፣ ከዚያም ሰውየው መጀመሪያ ሲገባ ቃሉን ራሱ እንዲቀይር ያስገድደዋል። መብራት ወይም ኔትወርክ መሐል ላይ ቢቋረጥ ማን እንደታደሰና ማን እንደቀረ የሚታወቀው ስክሪፕቱ እያንዳንዱን ውጤት መዝግቦ ከሆነ ብቻ ነው።

የሚያስቸግረው ዝርዝሩ ነው። በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ እንደሚገኙት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎትና ባልቻ ሆስፒታል ያሉ ብዙ ሠራተኛ ያላቸው ተቋማትን ብንወስድ፣ የራሱም የአባቱም ስም ከሌላው ጋር አንድ የሆነ ሰው አይጠፋም፤ መለያው የአያት ስም ነው። ኃይሉ የሚለው ስም በ«ኃ»፣ በ«ሀ» ወይም በ«ሐ» ይጻፋል፤ ለኮምፒዩተር ሦስቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ልዩነቱ ይበዛል። ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 ካልተቀመጠ ደግሞ የአማርኛው ስም ወደ ጥያቄ ምልክቶች ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ተጠቃሚን በስም ሳይሆን በሠራተኛ መለያ ቁጥር ማዛመድ ይገባል፤ አለዚያ የአንዱ ቃል ለሌላው ይደርሳል።

ማድረስ

አዲሱን ቃል ለባለቤቱ ማድረስ ከማደሱ ይከብዳል። በጀርመን የጊሰን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 የሳይበር ጥቃት ከደረሰበት በኋላ ወደ 38,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና ሠራተኞች መታወቂያቸውን ይዘው ተሰልፈው አዲሱን ቃል በወረቀት ተቀበሉ። ኢሜይሉ ራሱ ተዘግቶ ስለነበር በኢሜይል መላክ አይቻልም ነበር። ሰልፉ ኋላ ቀር ይምሰል እንጂ ተቀባዩን በአካል ማረጋገጡ ጠቃሚ ነው።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ቃል መስጠት፣ ለምሳሌ የመሥሪያ ቤቱን ስምና ዓመተ ምሕረቱን፣ ቀላል ቢመስልም ሥራውን ከንቱ ያደርገዋል፤ ቀድሞ የደረሰው ሰው የባልደረቦቹን ሁሉ መግቢያ ያውቃል። አዲሶቹን ቃላት የያዘው ፋይልም ስክሪፕቱ ካለቀ በኋላ በአስተዳዳሪው ኮምፒዩተር ላይ መቅረት የለበትም።

ከታደሰ በኋላ

አሮጌውን ቃል የያዙ የእጅ ስልኮች ደጋግመው ለመግባት ስለሚሞክሩ አካውንቶች ይቆለፋሉ። የዳታቤዝ ወይም የመጠባበቂያ ቅጂ ሥራ የሚያንቀሳቅሱ አካውንቶች ሳይለዩ ከሌሎቹ ጋር ከታደሱ አገልግሎቱ ይቆማል። ሰርጎ ገብ ሙሉ ሥልጣን ይዞ ከነበረ ደግሞ ኬአርቢቲጂቲ የተባለው የሥርዓቱ አካውንት ቃል ሁለት ጊዜ መታደስ አለበት፤ ሥርዓቱ ያለፈውን ቃልም ስለሚያስታውስ አንድ ጊዜ አይበቃም።

የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ቃልን በየጊዜው ማስቀየር ቀርቶ መሾለኩን የሚያሳይ ማስረጃ ሲኖር ብቻ እንዲቀየር መክሯል፤ በየሦስት ወሩ የሚገደድ ሰው መጨረሻው ላይ ቁጥር እየጨመረ ያልፋልና።

በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትንም ሆነ የይለፍ ቃልን ለሌላ አሳልፎ መስጠትን ወንጀል አድርጎታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዙ ተቋማት እንዲጠብቁት ያስገድዳል፤ ስምና መለያ ቁጥር የያዘው የማደሻ ዝርዝርም እንዲህ ያለ መረጃ ነው።