በጆሮ የተመረጠ ልብወለድ

አማርኛ አንባቢዎች በተሰበሰቡበት «ከሁሉ አብልጣችሁ የምትወዱት ልብወለድ የቱ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ የመጀመሪያው መልስ ገና ሳይነገር ይታወቃል። ፍቅር እስከ መቃብር ነው። ብዙ ጊዜ ኦሮማይ ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ ሰው በየፊናው ይበተናል፤ አንዱ ከአድማስ ባሻገርን፣ ሌላው ዴርቶጋዳን፣ ሌላው ግራጫ ቃጭሎችን ይጠራል። ይህን ስምምነት ብዙዎች የጥራት ፍርድ አድርገው ይወስዱታል፤ መጽሐፉ ከሁሉ ስለሚበልጥ ሁሉም መረጠው ይላሉ። የሐዲስ ዓለማየሁን ሥራ ትልቅነት የሚክድ ያለ አይመስለኝም፤ እኔም አልክድም። ነገር ግን ትልቅነት ብቻውን ስምምነትን አይወልድም። ለየብቻው የሚያነብ ሰው ለየብቻው ይመርጣል። የብዙ ሰው ምርጫ አንድ መጽሐፍ ላይ የሚያርፈው ያ ሁሉ ሰው መጽሐፉን በአንድ ወቅት አብሮ ሲቀበለው ነው። አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ልብወለድን አብሮ የተቀበለው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው።

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። የአማርኛ ልብወለድ በኩር የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብወለድ ታሪክ፣ በኋላ ጦቢያ የተባለው፣ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ላይ ነበር። እዚህ አገር ቤት ጽሑፍ የሚሰማ ነገር ነበር። ገድሉና ተአምሩ በቤተ ክርስቲያን ይነበባል፣ ምእመኑ ቆሞ ያደምጣል፤ ደብዳቤ ሲመጣም ፊደል የቆጠረ ይፈለግና ቤተሰቡ ከብቦት ያነብለታል። እስከ 1966ቱ አብዮት ድረስ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ከ10 በመቶ በታች እንደነበር ይገመታል። ስለዚህ ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሲወጣ፣ ከ500 ገጽ በላይ የሆነ ጥራዝ ገዝቶ የሚጨርስ ሰው የተማሪው፣ የመምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው ወገን ነበር። በዚያ ወገን ዘንድ ወዲያው ተከብሯል፤ ይህ እውነት ነው። ክብር ግን ገና ፍቅር አይደለም። ከእርሱ በፊት የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት አርአያም ክብር አግኝቶ ነበር፤ በትምህርት ቤትም ተነቧል። ዛሬ የምወደው ልብወለድ አርአያ ነው የሚል ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

መጽሐፉ ራሱ ለጆሮ የተሰናዳ መሆኑ ብዙ አይወሳም። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ሰው ናቸው፤ ከዚህ ልብወለድ በፊትም በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት ተረት ተረት የመሠረት የተረት መጽሐፍ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክረው ግን የፊደል አጣጣላቸው ነው። ድምፃቸው ተመሳሳይ የሆኑ ትርፍ ፊደሎች ይቀነሱ የሚል አቋም ነበራቸው፤ ጠብቀው በሚነበቡት ፊደሎች ራስ ላይ ደግሞ ነጥብ አደረጉ። አማርኛ ዐዋቂ ዝም ብሎ ሲያነብ ይህ ነጥብ ብዙም አያስፈልገውም፤ ላላውንና ጠበቁን ከዐረፍተ ነገሩ ይለየዋል። ነጥቡ የሚጠቅመው ድምፁን አውጥቶ ለሚያነብ ነው፤ እንዳይደናቀፍ ይጠብቀዋል። ደራሲው ይህን ሁሉ ድካም ሲደክሙ በሐሳባቸው የነበረው አንባቢ አፉን የሚከፍት አንባቢ ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም። (ማተሚያ ቤቱ ስለ ነጥቦቹ ምን እንዳለ መስማት ደስ ባለኝ።)

ያ አንባቢ በደርግ ዘመን መጣ፤ ስሙም ወጋየሁ ንጋቱ ነው። ወጋየሁ የመድረክ ተዋናይ ነበር። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ልብወለዱን በተከታታይ ክፍሎች ሲተርከው፣ ለፊታውራሪ መሸሻ የእብሪት፣ ለጉዱ ካሣ የምሬትና የፌዝ፣ ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ደግሞ የየራሳቸውን ድምፅ ሰጣቸው። በታተመው መጽሐፍ ጉዱ ካሣ ረጅም ንግግር ያደርጋል፤ ችኩል አንባቢ ሊዘለው ይችላል። ሬዲዮ ላይ መዝለል የለም። ገጽ አይገለጥም፣ መጨረሻው ቀድሞ አይታይም፤ የሚቀጥለው ክፍል እስኪመጣ ሁሉም ሰው እኩል ይጠብቃል። በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ የተሰበሰበ ቤተሰብና ጎረቤት፣ የተማረውም ያልተማረውም፣ በአንድ ቀን አንድ ቦታ ላይ ደረሰ፤ በማግሥቱም ስለዚያው አወራ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ብዙ አዲስ አንባቢ አፈራ፤ ከእነዚህ ውስጥ መጽሐፉን በእጃቸው ሳይዙት ታሪኩን በጆሮ የሚያውቁት ጥቂት አልነበሩም። እነዚህ ሰዎች በኋላ መጽሐፉን ሲያነቡ በልባቸው የሚሰሙት የወጋየሁን ድምፅ ነው። ቅጂው ከካሴት ወደ ዩቲዩብ ተሻግሮ ዛሬም ከዋሽንግተን እስከ ቴል አቪቭ ይደመጣል።

እዚህ ላይ የሚነሳ ከባድ ተቃውሞ አለ። ሬዲዮው የመንግሥት ነበር፤ የባላባቱን ሥርዓት የሚነቅፍ ልብወለድ ለደርግ ስለተመቸው ሕዝቡ ላይ ጫነው እንጂ ሕዝቡ መርጦ አልወደደውም ሊባል ይችላል። ለመተላለፍ ፈቃድ ያገኘበትን ምክንያት ይህ ሊያስረዳ ይችል ይሆናል፤ የተወደደበትን ምክንያት ግን አያስረዳም። ለዘመኑ መንፈስ ከእርሱ ይልቅ የሚቀርቡ ሥራዎች ነበሩ። በዓሉ ግርማ በ1972 ዓ.ም. ያወጣው የቀይ ኮከብ ጥሪ አለ፤ የብርሃኑ ዘርይሁን ማዕበል ስለ አብዮቱ በሦስት ክፍል ተጽፏል። አንዳቸውም የሁሉ ሰው ልብወለድ አልሆኑም። መንግሥት ድምፅ ማጉያ ሊሰጥ ይችላል፤ ሰው ከሥራ ሲመለስ ሬዲዮ ሥር እንዲቀመጥ ያደረጉት ግን ሐዲስና ወጋየሁ ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ኦሮማይ ነው፤ የበለጠ የሚያስቸግረኝም ይኸኛው ነው። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በዓሉ ግርማ ከሥራው ተነሥቶ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። ይህን መጽሐፍ ያነገሠው ሬዲዮ አይደለም። ነገር ግን ያነገሠው ለብቻ የተነበበ ገጽም አይደለም። እየተደበቀ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ መጽሐፉን ካየው ሰው ይልቅ ወሬውን የሰማው እጅግ ይበልጥ ነበር፤ የበዓሉ መጥፋት ራሱ በሹክሹክታ የሚነገር ምዕራፍ ሆነ። በዚያው ዘመን በእስር ቤት ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቼልን ልብወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መልሶታል፤ በኋላ ነገም ሌላ ቀን ነው ተብሎ ታትሞ ተወደደ። እነዚህም መጽሐፎች ቢሆኑ ገና ሳይገለጡ የሚወራላቸው ታሪክ ነበራቸው። ሬዲዮ ትልቁ መንገድ እንጂ ብቸኛው አይደለም፤ የሁሉም መሠረት ግን አብሮ መስማት ነው።

የዚህ አመራረጥ ዕዳ የወደቀው ለጆሮ በማይመቹ መጽሐፎች ላይ ነው። የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስ የታተመው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ ከፍቅር እስከ መቃብር አራት ዓመት ብቻ ዘግይቶ። ትረካው ይቆራረጣል፤ በደብረ ሲና አካባቢ ሰዎች ጭውውት የተሞላ ስለሆነ አንባቢው ራሱ ፈልጎ ማያያዝ አለበት። ሐያሲዎች ከአማርኛ ልብወለድ ከፍታዎች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል፤ የብዙኃኑ ምርጫ ውስጥ ግን ቦታ የለውም። አዳም ረታም ሕጽናዊነት ባለው ስልቱ ታሪክን ከታሪክ እያያያዘ ሲጽፍ፣ አንባቢው ወደ ኋላ ተመልሶ ገጽ እንዲገልጥ ያስገድደዋል። ወደ ኋላ መመለስ ለሬዲዮ አድማጭ የማይቻል ነገር ነው። የአዳም አንባቢዎች አጥብቀው ይወዱታል፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው የሚጠሩት የተለያየ መጽሐፍ ነው፤ ለየብቻ ያነበበ ሰው እንዲህ ነው የሚመርጠው።

መስማት ማንበብ አይደለም፣ ስለዚህ ትረካ ሰምቶ መጽሐፉን ወደድኩት የሚል ሰው ድምፅ አይቆጠር የሚሉም አሉ። በዚህ አልስማማም። ለብዙ መቶ ዓመት ጽሑፍን በጆሮው የተቀበለ ሕዝብ ፍርዱን በጆሮው ቢሰጥ ጉድለት የለበትም። ጉድለቱ ይህን ፍርድ የዓይን ፍርድ አስመስሎ ማቅረብ ነው። የምርጥ ልብወለዶችን ዝርዝር የምታወጡ መጽሔቶች፣ የንባብ ማኅበራትና የሬዲዮ አዘጋጆች፣ ከእንግዲህ «የምትወዱት የቱ ነው?» ስትሉ «መጀመሪያ የደረሳችሁስ በምን መንገድ ነው?» የሚለውንም አክላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ከርዕሱ ጎን አትሙት። ጥሩ ተራኪ ያላችሁ ጣቢያዎች ደግሞ አደፍርስን ሞክሩት፤ ጭውውቱን የሚከፋፈሉ አራትና አምስት ድምፆች ይበቁታል።