የወንጂ ጥቁር አመድ ታሪክ

ወንጂ ላይ ነጭ ልብስ አጥቦ ያሰጣ ሰው የምናገረውን ያውቃል። ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ፣ ጠዋት ስትነሱ ገመዱ ላይ፣ ቆርቆሮው ላይ፣ የውሃ በርሜሉ ክዳን ላይ እንደ ክር የተጠቀለለ ጥቁር አመድ ታገኛላችሁ። ሲነኩት ይደቃል፣ ሲጠርጉት ጥላሸቱ ይቀባል። ሰኔ አልፎ ዝናቡ ሲጠና ደግሞ ይጠፋል። የከተማው ሰው ስለ ብርድ እንደሚያወራው "ወቅቱ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ባለፈው አንድ የቀድሞ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ይሄ ነገር ድሮም ነበር እንዴ?" አለኝ። በኮመንት የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው።

አጭሩ መልስ፣ ይህን ወቅት የሠራው ስኳር ነው። ሜዳው ከዚያ በፊት የጂሌ ኦሮሞዎች ከብት የሚያሰማሩበት የአዋሽ ዳር መሬት ነበር። ኤች.ቪ.ኤ. የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ በጃቫ ደሴት በስኳር የከበረ ነው፤ ኢንዶኔዥያ ነጻ ስትወጣ እዚያ ያለው ንብረቱ አላስተማመነውምና ሌላ አገር ይፈልግ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1951 ከንጉሡ መንግሥት ጋር ተዋዋለ። የወንጂ ፋብሪካ መጋቢት 1946 ዓ.ም. ተመረቀ፣ ሁለተኛው ፋብሪካ ሸዋ እ.ኤ.አ. በ1962 ተከተለ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። ባለቤቱ ተቀያየረ፣ እሳቱ ግን ቀጠለ።

ለምን ይቃጠላል? የደረሰ አገዳ በደረቅ ቅጠል የተሸፈነ ነው። ቅጠሉ እጅ ይቆርጣል፣ ውስጡ እባብ አይጠፋም፣ ስኳር ደግሞ የለበትም። እሳት ሲለቁበት ቅጠሉ በደቂቃዎች ይነድና ውሃ የያዘው አገዳ ቆሞ ይቀራል። የሚከፈለው በቆረጠው ልክ የሆነ ሠራተኛ ከተቃጠለ ማሳ በቀን በጣም ብዙ ይቆርጣል። አንድ ነገር ግን አለ፤ የተቃጠለ አገዳ ቶሎ ካልተፈጨ ስኳሩ ይበላሻል። ስለዚህ ሁሉም ማሳ በአንድ ቀን አይቃጠልም። ፋብሪካው መፍጨት የሚችለውን ያህል ዛሬ ይሄኛው፣ ነገ ያኛው እየተባለ ስምንት ወር ገደማ ይዘልቃል። ጭሱ ወቅት የመሰለን ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ነው። በብርዱ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ሜዳው ላይ ይተኛል፣ ሞቅ ያለው ከላይ እንደ ክዳን ይገጠምበታል፣ ጭሱም መውጫ ያጣል። ልብሳችንን የሚያበላሸው ትልቁ አመድ ደግሞ ለጤና ያን ያህል አያሰጋም፣ ከብዶት መሬት ይወድቃል። ሳንባ ድረስ የሚዘልቀው በዓይን የማይታየው ደቃቁ ነው። እናቶች የሚነጫነጩት በሚታየው ነው፣ እውነታቸውን ነው፣ ሳሙና ውድ ነው። ልጆቹን የሚያስላቸው ግን ሌላኛው ነው።

አሁን ወደሚገርመኝ ነገር ልምጣ። ሆላንዶቹ በነበሩበት በጃቫ፣ የአገዳ ማሳ ላይ እሳት መልቀቅ የገበሬ ማመፂያ ነበር። መሬቱን ለስኳር የተነጠቀ ሰው ሌሊት ክብሪት ጭሮ ይጠፋል፣ ኩባንያው ዘበኛ ያቆማል። አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ ደግሞ በ1930ዎቹ እሳቱን የጠየቁት ራሳቸው ቆራጮቹ ናቸው። በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ በሽታ ማሳ ውስጥ እየገደላቸው ስለነበር "ካልተቃጠለ አንቆርጥም" ብለው እ.ኤ.አ. በ1934 እና በ1935 ሥራ አቆሙ። ለእነሱ እሳቱ የጤና መብት ነበር! እኛ ዘንድ ደግሞ የፋብሪካው የሥራ ፕሮግራም አካል ነው። እሳቱ ያው እሳት ነው፣ ክብሪቱን የያዘው ሰው ግን ይለያያል።

"ታዲያ ለምን አይከለከልም?" የምትሉ ትኖራላችሁ። የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2002 ቃጠሎው ደረጃ በደረጃ እንዲቀር ሕግ አወጣች። ሰማዩ ጠራ። ነገር ግን ያልተቃጠለ አገዳ ለእጅ ቆራጭ ስለማያዋጣ ማሽን ገባ፣ እጅግ ብዙ ቆራጮችም ሥራቸውን አጡ። ወንጂን የሠሩት ከከምባታና ከሀዲያ በእግርም በመኪናም የመጡ ቆራጮች ናቸው፤ ይህን ከሚያነቡት ግማሾቻችሁ የእነሱ ልጆች ናችሁ። ስለዚህ እኔ "ነገ ይቁም" ለማለት አፌ አይደፍርም። ቢያንስ ግን ከትምህርት ቤትና ከጤና ጣቢያ አጠገብ ያለው ማሳ ሳይቃጠል ቢቆረጥ፣ ለቆራጩም የጠፋበት ጊዜ ታስቦ ቢከፈለው፣ ፋብሪካ የሚያዘጋ ወጪ አይመስለኝም። ነፋሱ ወደ ከተማው በሚነፍስበት ቀን አለማቃጠል ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቆራጮቹ ራሳቸው ስለ እሳቱ ምን ይሉ እንደነበር መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁም። አባታችሁ ወይም አያታችሁ ቆራጭ የነበሩ፣ በሕይወት ካሉ ጠይቁልኝ፦ ሳይቃጠል ቆርጠው ያውቃሉ? ማታ ቤት ሲገቡ ያስላቸው ነበር? ያሏችሁን እንዳለ ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ ወይም በውስጥ መስመር ላኩልኝ።